የረምዚ ቀኝ ጫማ

ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር አርባ ዓመት ሙሉ ይህችን አንዷን ዘልያታለሁ። ጾም መግደፌን ነግሬአቸዋለሁ፣ መስከሬን ነግሬአቸዋለሁ፣ ሚስቴን ማስለቀሴንም ነግሬአቸዋለሁ። ይህችን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኳት፤ ሆዴንም ፈጀችው። ለእርስዎ ለመናገር የደፈርኩት ምናልባት ስለማላውቅዎ ይሆናል።

እኔ የጓደኛዬን እግር ሰብሬአለሁ። በቡጢ አይደለም። በቡጢ ቢሆንማ ማን ይጠይቀኝ ነበር? በሞራ ነው የሰበርኩት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሐረር ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ቡጢ እንለማመድ ነበር። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሲነጋጋ ከኤረር በር ቁልቁል ሮጠን እንወርዳለን፤ ዳገቱን ድንጋይ ተሸክመን እንመለሳለን። ከዚያ ገመድ ዝላይ ነው፤ ከዚያ አሸዋ የተሞላ ከረጢት መደብደብ። ሃምሳ አለቃው ከእጃችን ይልቅ የሚጨነቁት ለእግራችን ነበር። "ቡጢ የሚነሳው ከእግር ነው!" እያሉ በቀኝ እግራችን ጣቶች ላይ እንድንሽከረከር ያደርጉን ነበር። እኛ ደግሞ ግማሾቻችን በባዶ እግር፣ ግማሾቻችን በተቀዳደደ ሸራ ጫማ ነበርን።

ረምዚ የጀጎል ልጅ ነው። እኔ ከግንቡ ውጭ ካሉት የክርስቲያን ቤተሰቦች ነኝ። በዕድሜም በክብደትም እኩያ ነበርን። እንደ ወንድማማች ነበርን ልልዎት ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

አባቱ አው ዑመር ቁርአን ጠራዥ ነበሩ። ጫማ ሰፍተው አያውቁም። ሃምሳ አለቃው ከጣልያን የቀረ አንድ አሮጌ የቦክስ ጫማ ቢያሳዩዋቸው ግን ተርትረው፣ አገላብጠው አጥንተው፣ መጽሐፍ በሚጠርዙበት ክር ሁለት ጥንድ ሰፉ። አንዱን ለልጃቸው፣ አንዱን ለእኔ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ስስ፣ ቀላል ጫማ ነበር። ሲሰጡን እንዲህ አሉን፦

"ላዩን ሞራ ቀቡት፣ ይለሰልሳል። ሶሉን ግን እንዳታስነኩት፤ ይጥላችኋል።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ለአዲስ አበባው ውድድር ከሁለታችን አንዳችን ብቻ እንደምንሄድ ተነገረን። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊያጋጥሙን ሆነ። ረምዚ ይበልጠኝ ነበር። ሃምሳ አለቃው ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። እርሱ ብቻ ነበር የማያውቀው፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

ወደ ግጥሚያው ስንሄድ የአስር ሶላት ደረሰ። ረምዚ መንገዳችን ላይ ካለችው ትንሽ መስጊድ ሊገባ ሲል አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የቡጢ ጫማ አውርዶ ሰጠኝ።

"ያዝልኝ፣ አማና ነው" አለኝ።

አማና እነርሱ ዘንድ አደራ ነው፤ ፈጣሪ የሚጠይቅበት አደራ። ደጃፉ ላይ የሰጋጆቹ ጫማ ያለ ጠባቂ ተበታትኖ ነበር። ያን ሁሉ ጫማ ማንም አልነካውም። የተነካው ጠባቂ የቆመለት ብቻ ነው።

የጫማዬን ላይ የምቀባበት የሞራ ቆርቆሮ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አስቤበታለሁ ወይ? አዎ፣ አስቤበታለሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ ብል ሰይጣንም ይታዘበኛል። የቀኙን ጫማ ገለበጥኩና የሚሽከረከርበትን ቦታ ቀባሁት። ቆዳው እስኪመጠው አሸሁት። እኔ ነኝ የቀባሁት፤ አሁን ብዕር በያዙት በእነዚሁ ጣቶች። ረምዚ ሰግዶ ሲወጣ ጫማውን ተቀብሎኝ "አላህ ይስጥልኝ" አለ።

በሁለተኛው ዙር ቀኙን ሊሰነዝር ሲሽከረከር እግሩ በጣውላው ላይ ተንሸራተተ። ጉልበቱ በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። ድምፁን ሰማሁት። እየወደቀ ሳለ ደግሞ መታሁት፤ ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም። ሰው አጨበጨበልኝ።

ረምዚን በቃሬዛ ሲያወጡት አው ዑመር ጎንበስ ብለው ከእግሩ የወለቀውን ጫማ አነሱ። ሶሉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት። አወቁ ብዬ ደረቅኩ። እርሳቸው ግን በፎጣቸው ጠቅልለውት ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉኝ። "ቆዳው ስቡን ሳይጨርስ ሰፋሁት። ሙቀት ሲያገኘው ሞራውን ተፋ። ለቁርአን ልባስ ስንት ዘመን ቆዳ ስመርጥ ኖሬ፣ ለልጄ እግር ሳልመርጥ ቀረሁ።"

ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"ትናንት ግን በልቤ አንተን ጠርጥሬህ ነበር። ሰውን በከንቱ መጠርጠር ወንጀል ነው። አፉ በለኝ።"

ይቅር በለኝ ማለታቸው ነው። እኔን! ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ምን ይደርስብኝ ነበር? እሥራት? ውርደት? ቢደርስብኝስ?

የረምዚ ጉልበት ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም። አው ዑመርም ወስፌ አልጨበጡም። ቁርአን ይዘው ለሚመጡ ሰዎች "ልጁን የሰበረ እጅ ይህን አይጠርዝም" እያሉ ይመልሱ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተደብድቤ ተመለስኩ። ይህ ሁሉ ለዚያች አንድ ግጥሚያ ነው እንግዲህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እያደር ጠቆረ። አው ዑመር ኤረር በር አካባቢ ባገኙኝ ቁጥር ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እርሳቸው ነበሩ። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከበዓል በኋላ እነግራቸዋለሁ ስል ሞቱ። ከቀባሪው ጋር ሄድኩ፣ አፈር አለበስኩ፤ ረምዚ በምርኩዙ ተደግፎ አጠገቤ ቆሞ ያጽናናኝ ነበር። ዛሬም ገበያ ላይ ሲያየኝ ወንድሜ ይለኛል። ልነግረው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! ስንት ጊዜ ለገበያ የመጣሁ መስዬ ሎሚ ገዝቼ ተመልሻለሁ! ብነግረው የአባቱን ዕድሜ ከየት አምጥቼ እመልስለታለሁ?

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልልዎትም። የዚያን ቀን ጠዋት ለሽማግሌው የመለስኩላቸውን ሲሰሙ ለምን እንደማልጠይቅ ይገባዎታል።

"አፉ ብዬዎታለሁ፣ አባቴ" አልኳቸው።

ደስ አላቸው። እንደ አገራቸው ወግ ቀኝ እጄን ይዘው ሳሙት። ሞራው ገና ከጥፍሬ ሥር አልወጣም ነበር።