ሶዶ አይሰጥም

ልጅ ሳለሁ አገር እሰጥ ነበር። በአንድ ምሽት ጉኑኖንና ዱቦን፣ ሲብስብኝም ሃላሌን ከነገበያዋ አስረክቤ፣ ምንም እንዳልጎደለበት ሰው እግሬን ታጥቤ እተኛለሁ። ተቀባዩ አባባ ባሳ ነበሩ፤ የተከራየንበት ግቢ ባለቤት፣ በጉልምስናቸው የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ከሳቸው በፊት ድምፃቸው ቤት የሚገባ ሽማግሌ።

እኛ ወላይታ ሶዶ የመጣነው ከየመን ነው፤ ቀይ ባሕር ላይ ካለችው ከሆዴይዳ። ጦርነቱ ሰፈራችን ሲደርስ በጀልባ ተሻገርን፣ ብዙ ተንከራተን በመጨረሻ አባቴ ሶዶ ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናስር ትምህርት ቤት ገባን። እናቴ ግን መጣች ማለት ይከብዳል። ከሆዴይዳ የያዘቻቸው ሳህኖች በጋዜጣ እንደተጠቀለሉ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጠው፣ እኛ የምንበላው የአባባ ባሳ ባለቤት እማማ አስቴር ባዋሱን ሳህን ነበር። «ለምን እፈታዋለሁ? ነገ ተመላሾች ነን» ትለን ነበር በዐረብኛ። ያ ነገ ዓመት ሞላው። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሳለን ማታ ማታ ተረት የምትነግረን እሷ ነበረች፣ ባሕሩን ከተሻገርን ወዲህ አንድም ተረት ከአፏ አልወጣም። ያኔ ሌላ ምንም አልተመኘሁም፤ እናቴ እንደ ድሮዋ ታውራልኝ፣ በቃ።

ተረቱን ያገኘነው ከአባባ ባሳ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ መብራት መጥፋቱ ለማንም ወሬ አልነበረም፣ እማማ አስቴር የከሰሉን ምድጃ በረንዳው ላይ ያወጡና እሸት በቆሎ ይደረድሩበታል፤ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ እኔና ናስር ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍም ላይ የሚንጣጣውን በቆሎ እየጠበቅን ምንጣፉ ላይ ኩርምት እንላለን። ዳሞታ ተራራ ላይ የሚኖር አንድ ጅብ ነበራቸው። ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ገበያ ይወርዳል፣ ለሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ሥጋ ያማርጣል። ፀሐይ ትወጣና ጋቢው ከትከሻው ላይ መትነን ይጀምራል። ልክ እዚያ ላይ፣ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ፣ አባባ ባሳ ቀጥ!

«በሉ አሁን እንቆቅልሽ።»

«ኧረ አባባ! ጅቡስ?»

«ጅቡ ይጠብቃል። ራቁቱን የት ይሄዳል?»

እንቆቅልሹን የጠየቀን ሰው መልሱን እንዲነግረን አገር መስጠት ግድ ነው። ይሄን የትኛውም ልጅ ያውቀዋል፤ የተሸነፈው አንድ አገር ይሰጣል፣ ያሸነፈው «እዚያ ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ይኮራል፣ ከዚያ መልሱን ይናገራል። አባባ ባሳ ግን የራሳቸውን ሕግ ጨምረውበት ነበር። በእግራችን ያልረገጥነውን አገር መስጠት አይቻልም። «ያላየኸውን አገር ከየት አምጥተህ ነው የምትሰጠኝ? ሌባ!» ይሉኛል። እኔን በወንድ፣ ናስርን በሴት መጥራት ይቀናቸዋል፤ የቤታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ነው፣ አማርኛ ለሳቸውም እንደኛው የውጪ ልብስ ነበር። አንዴ የተሰጠ አገር ደግሞ ጊፋታ እስኪመጣ፣ ማለትም የወላይታ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ ሁለተኛ አይሰጥም። ሶዶ ራሷ ጭራሽ አትነካም። ናስር አንድ ቀን ሊሞክር ሲል ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሶዶ አይሰጥም! ሶዶን ሰጥተን የት ልናድር ነው? ደመና ላይ?»

ስለዚህ ሽርሽር የግድ ሆነብን። እሑድ ከሰዓት አባቴ ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄቱ እንዳለ፣ በር ላይ እንይዘዋለን። «ባባ፣ አገር አልቆብናል!» ደክሞት እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቢሆንም እምቢ ብሎን አያውቅም። ዱቦ በሚኒባስ ሄደን፣ ወርደን በእንሰቱ መሀል በእግራችን ዞርን። ጉኑኖ ሸንኮራ ገዝቶልን አፋችን እስኪቆስል አኘክን። ሃላሌ ስንሄድ ናስር መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ሄደ፤ ከመኪናው ወርዶ መሬት እንደረገጠ ግን ሁለት እጁን አንስቶ «አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ፤ ገበያተኛው ዕቃ ጠፍቶት የተገኘለት ልጅ መሰለውና አብሮት ደስ አለው። እናቴ አንድም ቀን አልተከተለችንም። «ሂዱ፤ እኔ ሻንጣውን እጠብቃለሁ» ትላለች። ማን እንደሚወስድባት እንጃ።

ጊፋታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የናስር አገሮች አለቁ። እናቴ የዚያን ዕለት በራችን ደፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አትቀላቀለንም እንጂ ጆሮዋ እኛ ጋ ነው፤ አማርኛውንም ከኛ ባልተናነሰ ሰምታዋለች። አባባ ባሳ «ቀን ተሰቅሎ ይተኛል፣ ማታ ጠጥቶ ይነቃል» ብለው ጠየቁ። መልሱ ፋኖስ ነው፤ ያውም ከናስር አናት በላይ ተሰቅሎ እያበራለት ነበር። ወንድሜ ግን ጣራውን አየ፣ በቆሎውን አየ፣ ድመቷን አየ፣ አልመጣለትም። ጣቶቹን እያጠፈ አገሮቹን ቆጠረ። ሁሉም ሄደዋል። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ሆዴይዳን ሰጠሁ!»

የምስሩ ትሪ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ግቢውን አናጋው። እናቴ ቆማለች። «የማንን አገር ነው የምትሰጠው?» አለችው በዐረብኛ። «ቤታችንን? የእናቴን መቃብር? ይሄ ነበር የቀረን፣ እሱንም በጨዋታ ትሰጥብኛለህ?» እዚያው ቆማ አለቀሰች። በጀልባው ላይ እንኳ ያላለቀሰች ሴት! ናስር ምስኪኑ፣ ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰጠነው አገር ሁሉ በእውነት የሚሄድ ይመስለው ኖሯል። የአባባ ባሳን ጋቢ ጨምድዶ «መልሱልኝ! አባባ፣ መልሱልኝ!» እያለ ይንፈራፈር ጀመር።

አባባ ባሳ እናቴ ያለችውን እንዳስተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወደ ናስር ጎንበስ አሉ፤ የዚያን ጊዜ ወንድና ሴቱን እንኳ አላምታቱም።

«አልተቀበልኩም» አሉት። «ናስር፣ ስማኝ፤ እኔ እንዲህ ያለ አገር አልወስድም። የእናትህ ነው፤ ቦታው ላይ ይቀመጥ። ሰልማ፣ በደንብ አድርገሽ ንገሪያት። ማንም አልወሰደባትም በያት።»

ነገርኳት። ፊቷን በሻርፗ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። እማማ አስቴር ተንበርክከው ምስሩን ከወለሉ ላይ ለቀሙት። የዚያን ዕለት ጅቡ ራቁቱን ቀረ።

የጊፋታ ዕለት ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እማማ አስቴር ናቸው፤ ብብታቸው ውስጥ ቀይ አውራ ዶሮ ይዘዋል። ጎረቤቱ በሬ አርዶ ይካፈላል፤ እኛ ሙስሊም በመሆናችን እነሱ ያረዱትን እንደማንበላ ያውቃሉ። «ይሄ በባልሽ እጅ ይታረድ» አሏት እናቴን። «ቅያሜ ይዞ ጊፋታን መሻገር እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በር ዘግቶ መዋልም እንደዚያው። ስለዚህ ትወጫለሽ።» እናቴ ዶሮውን አየችው። ዶሮውም እናቴን አያትና እንደ ጎረምሳ ጮኸባት። ሳቋ አመለጣት። ወይኔ፣ ያን ሳቅ ስንት ጊዜ ነው የናፈቅኩት!

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ነቅሎ ወደ ዳሞታ ግርጌ ወጣ። አባቴ ትኩስ ዳቦ በከረጢት ተሸክሟል፤ እናቴ የበሰለውን ዶሮ በድስት ይዛ፣ ከእማማ አስቴር ጎን ጎን፣ ጭቃውን እየፈራች ትራመዳለች። ሽርሽር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። በየሄደችበት «ዮ ዮ ጊፋታ!» እያሉ እንኳን አደረሰሽ ይሏታል፤ እሷም መጀመሪያ ራሷን በመነቅነቅ፣ በኋላ በከንፈሯ፣ ሲመሻሽ ደግሞ በሙሉ ድምፅዋ መመለስ ጀመረች። ከእንሰት የተሠራ፣ በቅቤ የራሰ ሙቿ አጎረሷት፣ የቃሪያው ማባያ፣ ዳጣው፣ አንገበገባት፣ ውሃ ስትፈልግ ሁሉም ሳቀባት። ወጣቶቹ እሳት አንድደው ዘፈኑ፣ እሳቱም ቀስ በቀስ ወደ ፍም ወረደ። ከበብነዋል። ከታች የሶዶ መብራት ወለል ብሎ ይታያል፤ ለበዓሉ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ የዚያን ምሽት አልጠፋም።

«እንቆቅልሽ» አለ አንድ ሰው በቀጭን ድምፅ። ዞር አልኩ። እናቴ ነበረች።

«ምን አውቅልሽ!» አለ ሰፈሩ በሙሉ።

«ውሃ ይወልደዋል፤ ውሃ ሲያገኘው ይሞታል።»

ጨው! ሆዴይዳ ሳለን፣ ባሕሩ ዳር ነጭ ሆኖ የደረቀውን እያሳየች ስንት ጊዜ ጠይቃን ነበር። ሊያመልጠኝ ሲል የእማማ አስቴር ቅቤ ቅቤ የሚል መዳፍ አፌ ላይ ለጠፍ አለ። ናስር እንኳን አፉን ዳቦ ሞልቶት ነው የተረፈው። አባባ ባሳ፣ እንቆቅልሽ ተሸንፈው የማያውቁት ሰውዬ፣ በአንድ እጃቸው ጨው የበዛበት ዳጣ ውስጥ የተነከረ ቁራሽ ይዘው፣ በሌላው ራሳቸውን ያካሉ።

«ዓሣ?»

«አይደለም።»

«አረፋ?»

«አይደለም።»

«ኧረ ይሄ ሴትዮ ጉድ ሠራኝ! አቃተኝ፤ በቃ አቃተኝ።»

«አገር ስጠኝ» አለቻቸው እናቴ፤ ማክበሩ ጠፍቶባት ነው፣ ማንም ግን አላረማትም።

አባባ ባሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ታች፣ ወደ መብራቱ ተመለከቱ።

«ሶዶን ሰጠሁሽ።»

«አባባ!» ናስር ዳቦው አፉ ውስጥ እንዳለ ጮኸ። «ሶዶ አይሰጥም!»

«ዝም በይ አንቺ! ሰጠሁ አልኩ፣ ሰጠሁ።»

እናቴ ሕጉን ታውቃለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከደፉ ላይ ሆና ሰምታዋለች። ያሸነፈ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚልም ታውቃለች። «ሶዶ ገብቼ» ብላ ጀመረች፣ ወደ ታች፣ ወደ መብራቱ ዞረች። «ሶዶ ገብቼ ምን አጥቼ» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። እማማ አስቴር አፌን ለቀው እልልታቸውን አቀለጡት።

ቁልቁል ስንወርድ አባባ ባሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ጨው ነው አይደል?»

«እኔ እንጃ አባባ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የጋዜጣ ኮሽኮሽታ ነው። እናቴ ሻንጣውን ከፍታ ሳህኖቹን አንድ በአንድ እየፈታች ታጥባለች፤ እማማ አስቴር ያዋሱንም ታጥበው፣ ዳቦ ተደርጎባቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። በዚያው ሳምንት መብራቱ ሲጠፋ በረንዳው ላይ ወጥታ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ አወራችን፤ ግማሹን በዐረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አባባ ባሳም እንደ ልጅ አገጫቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ ልክ ጣፋጩ ቦታ ላይ ስታቆምባቸው ደግሞ የተናደዱት መናደድ!

እሳቸው አሁን የሉም። እኔ ጉኑኖ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ድሮ ስሰጣት የነበረችውን አገር በየቀኑ እረግጣለሁ። አንዳንዴ ከትምህርት በኋላ ከልጆቹ ጋር እንቆቅልሽ እንጫወታለን፤ የአባባ ባሳን ሕግ አስተምሬያቸዋለሁ፣ ያልረገጡትን አይሰጡም። ደህና አድርገው ያሸንፉኛል። «ቲቸር፣ አገር ስጪን!» ብለው ሲንጫጩ ዱቦን እሰጣለሁ፣ ሃላሌን እሰጣለሁ፣ ጉኑኖን ራሷን ከነትምህርት ቤቷ እሰጣለሁ። ቀጥለው ሶዶን ይለምኑኛል። እሷን አልችልም እላቸዋለሁ፤ ሶዶ የእናቴ ናት።