በሁለተኛ ማርሽ መቶ ሃያ

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል በር ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ክፍሉ ሽንትና የልብስ ሳሙና ይሸታል። ጥግ ላይ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላቸው አንድ የስልጤ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሱቆቻችን ያለ ምክንያት ተዘጉብን ብለን ከወጣንበት ሰልፍ ላይ አብረን ነው የተያዝነው። እኔ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን፣ መካኒክ ነኝ። የዚያን ቀን ድምፅ ማጉያውን የጫነችውን አሮጌ ባኪ፣ እኛ ፒክአፕ የምንላትን፣ የምነዳው እኔ ነበርኩ።

የፖሊስ መርማሪው መጥቶ ክሱን አነበበልኝ። በአምስተኛ ማርሽ፣ በሰዓት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር እየበረርኩ ፖሊሶችን ልገድል እንደመጣሁ ይላል። ሁለት ፖሊሶች አይተናል ብለው ፈርመውበታል።

“ማይ ፍሬንድ፣ እመንና ፈርም። እስር የለም፤ ወደ አገርህ መላክ ብቻ ነው” አለኝ።

ወደ አገሬ! በፖለቲካ ታስሬ ያመለጥኩት ወህኒ ቤት እዚያ ነው ያለው። ተመልሼ ከገባሁ በሕይወት እንደማልወጣ አውቃለሁ።

አልፈረምኩም። ከዛቻው ይልቅ ያንገበገበኝ ውሸቱ ነበር። ያቺ መኪና ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነክሳ ከቀረች ሳምንት አልፏታል። ሌላ ስላጣን “እንደምንም ታደርሰናለች” ብለን ነው ይዘናት የወጣነው። ሰውዬው በወጉ ለመዋሸት እንኳ አልደከመም። ይህን ውሸት መልሼ ላስውጠው ለራሴ ማልኩ።

ከሽማግሌው የሳሙና ቁራጭ ለምኜ አረንጓዴው ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

“ምን ልትሆን ነው ልጄ?”

“ጋሼ፣ በሁለተኛ ማርሽ ካምቢዮው የሞተሩን ዙር ለሁለት ያካፍለዋል፣ ጎማውን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ደግሞ ለአራት፤ ሲባዛ ስምንት። ሞተሩ ስምንቴ ሲዞር ጎማው አንዴ ነው የሚዞረው። ያ ሞተር ደግሞ ቢያብድ በደቂቃ ከአምስት ሺህ ዙር አያልፍም። እስቲ ለስምንት ያካፍሉልኝ።”

“ስድስት መቶ ሃያ አምስት።” ዐይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

“ጎማው በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ይሄዳል። በሰዓት ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው።”

የምሳውን ዳቦ እያኘክሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። የኛ ነጋዴዎች ብዙ ዕቃ ለመጫን ትልልቅ ጎማ ያስገጥማሉ፤ ለዚያች መኪናም የገጠምኩት ራሴ ነኝ። በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ከሃያ ሳንቲ። ሰባ አምስትን ደምስሼ ሰማንያ ሁለት ተኩል ጻፍኩ።

“አብደሃል? በራስህ ላይ ትጨምራለህ?” አሉ ሽማግሌው።

“መርማሪው ቀዳዳ ካገኘ ያመልጠኛል ጋሼ። እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።”

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ሁለቱን ምስክሮቹን ይዞ መጣ። ስለ ማርሹ ነገርኩት፣ ግድግዳውን አሳየሁት። ቆሞ አነበበና ፈገግ አለ።

“ጎማዎቹን አይቻቸዋለሁ። ትልልቅ ናቸው።”

“ስሌቱ ውስጥ ተቆጥረዋል። አሁን ሂድና ሦስተኛ አስገባባት።”

ሄዱ። መኪናዋ ከመስኮታችን ሥር ግቢው ውስጥ ነበረች። ሞተሩ ሲነሣ፣ ካምቢዮው ሲንቋቋ፣ ሞተሩ ሲጮኽ ሰማን። ከዚያ ጠፋ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ጠፋ። እንደዚያ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

መርማሪው ተመልሶ ሲመጣ እጁ በግራሶ ተለውሶ ነበር።

“ግድግዳውን አጽዳ” አለኝ።

“እውነት ነው የጻፍኩት። አላጸዳም። ካስጠላህ ራስህ አጽዳው።”

ወደ ምስክሮቹ ዞረ። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ መርማሪው በገዛ ኮቱ እጅጌ ቁጥሩን መጥረግ ጀመረ። እኔም ሽማግሌውም ጠርጎ እስኪጨርስ ቆመን አየነው።

ክሱ ተነሣ፤ ሁለታችንም ወጣን። መርማሪውን ግን ማንም አልቀጣውም።

ይቅር በለው ይሉኛል፣ ሽማግሌው ጭምር። አላልኩም። በየዓመቱ ያንኑ ስሌት በንጹሕ ወረቀት ጽፌ፣ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዤ ለአለቆቹ አስገባለሁ። ባለፈው ሳምንት መርማሪው በዚያ ወረቀት ምክንያት ዘንድሮም ሹመት እንደተከለከለ ሰማሁ። የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ፤ አላፈርኩበትም።