ዘጠነኛው ቦታ

ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ክረምት ተምሬ ሁለቱንም ክረምት ወደቅሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አምቦ ስነሳ ሚስቴ ስንቄን ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እኔም ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የክረምት ተማሪዎች ነበርን፤ ዓመቱን እያስተማርን ክረምቱን ለዲግሪ እንማራለን። እኔ እጃጂ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ጥቂት ኮምፒውተሮች ሲያገኝ አስተማሪ ጠፋና፣ ሬዲዮ ይጠግናል ተብዬ የአይሲቲ መምህር ሆንኩ። ሲን አሁንም ከወደቅሁ ከፕሮግራሙ እሰናበታለሁ። ይህንን ደግሞ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

የጣለኝ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። የተማሪ ውጤትና ስም ተቀብሎ ዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ለሙከራ ሰባ አንድ ብዬ ውጤት ሞላሁ፤ ቀጥሎ የራሴን ስም አስገባሁ። ስሜ ደህና ወጣ፤ ውጤቴ ግን ዜሮ ሆነ። የጓደኛዬን ስም ሳስገባ ሰባ አንዱ እንዳለ ይወጣል። ኮምፒውተሩ እኔን ለይቶ የጠመደኝ መሰለኝ። ያን ክረምት ኢንተርኔት አልነበረም፤ አብረውኝ የሚማሩትን ወጣቶች እንድጠይቅ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጠምጥሜ ነበር የመጣሁት።

የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ሥራዋ በር መክፈት፣ የተበላሸ ማውዝ መቀየርና ስንወጣ መቆለፍ ነበር። ታስተምራለች ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ እኔማ ስሟን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ የማፍርበት ነገር ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ጠፋ። ሁላችንም ጃንጥላችንን ስናነሳ እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ዝናቡ እስኪያባራ የእኔን ፕሮግራም ሰሌዳው ላይ እንድጽፈው ለመነችኝ። እየተሽኮረመምኩ ጻፍኩት። ለአፍታ አየችውና ጠመኔ አንስታ ግድግዳው ሥር ወዳለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ሄደች፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ጻፈችበት። በፕሮግራሜ እንዳደረግሁት፣ ስምንቱ ቦታ ለስም፣ ዘጠነኛው ለውጤት ሆነ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ከጊንጪ የመጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እሳቸውን «71» የተጻፈበት ወረቀት አስይዛ ዘጠነኛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ስሜ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ነው፤ ስምንት መምህራን አንዳንድ ፊደል ይዘው ከአንድ እስከ ስምንት ተደረደሩ።

እኔን ፊት ለፊት አቁማ «1» ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝና ስሙ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ሁሉም ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እጃጂ ላይ ሰው ቤትዎን ቢጠይቀኝ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው እለዋለሁ። ይቺ ቃሌ ቤት ትሆናለች?»

አትሆንም አልኳት። እንግዲያው ፖይንተር የሚሉት እርስዎን ነው አለችኝ፤ ስሙን አልያዙም፣ ስሙ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ነው የያዙት። ሁለት ክረምት ያልገባኝ ነገር በአንድ አፍታ ገባኝ። ቀጥላ ከአንድ ጀምሬ እየተራመድኩ እንዳነብ አዘዘችኝ። የት እንደምቆም ስትጠይቀኝ ስምንት ላይ አልኩ። ስምንት መሆኑን ማን ነገረዎት፣ ወረቀትዎ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው ስትለኝ ወረቀቴን ገልብጬ አየሁት።

በሲ ስም ማለቁ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ዜሮ ሲገኝ ነው ብላ፣ «ዜሮዋ እኔ ነኝ» አለችና ከስምንተኛው ሰው ቀጥላ ልትቀመጥ መጣች። ቦታ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ፊት ቆመች። እሳቸው የጨዋ ልጅ ናቸው፤ ሴት ቆማ እያዩ አይቀመጡም። «ታኢ፣ ታኢ ልጄ፣ ተቀመጪ» ብለው ተነሡና ሰባ አንዳቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እሷ ዘጠነኛው ላይ ተቀመጠች።

«አሁን የጋሼ ውጤት ስንት ሆነ?»

ዜሮ አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ልጅ ነበር። የሌሎቹ ስም አጭር ስለነበር ዜሮዋ እዚያው ስምንቱ ውስጥ ቦታ ታገኝ ነበር። እኔ ግን በገዛ ስሜ የገዛ ውጤቴን አስነሥቼ ነበር።

«ሲ እንደ እናንተ ጨዋ ነው» አለች። «ቦታ የለም ማለት አያውቅም፤ እንደ ሚኒባስ ረዳት ጠጋ በሉ ብሎ ያስገባል። ወንበር ቆጥሮ እንግዳ መጥራት የእኛ ሥራ ነው። ስምንት ፊደል ዘጠኝ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ምንም ነኝ፤ ግን እኔ ከሌለሁ የት እንደምትቆሙ አታውቁም።»

ብዙ መምህር አይቻለሁ፤ እኔም ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። ያለ መብራት፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በአንድ ቁራጭ ጠመኔ እንደዚያ ያስተማረ ሰው ግን አላየሁም። ቀናሁባትም፤ አልዋሽም።

ፈተናው ዕለት ፈታኙ ሆን ብለው ረጅም ስም አስገቡ። ፕሮግራሜ አስቀድሞ ለካና ስሙ ቦታ አይበቃውም ብሎ መለሳቸው። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እኔ አለፍኩ። ለሚስቴ ስደውል እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ተሰማ።

ስንመረቅ ለፎቶ ያው አግዳሚ ግቢው ውስጥ ወጣ። በንግግሩ ላይ ጥበቃዎች ሳይቀሩ ተመሰገኑ፤ እሷን ያነሣት አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ስንቀመጥ ከአጠገቤ ያለው የመጨረሻው ቦታ ላይ ጃንጥላዬን አስቀመጥኩና እንዲጠሯት ሰው ላክሁ። እሷ ሳትደርስ ክራቫት ያሰሩ አንድ የቢሮ ኃላፊ ሊቀመጡበት መጡ። በዕድሜዬ ለሰው ቦታ ነሥቼ አላውቅም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ተይዟል» አልኳቸው።

ጃንጥላውን አዩ፣ እኔን አዩ። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው የራሳቸውን ቦታ ለቀቁላቸውና ከኋላ ቆሙ። እሷ የክፍሉን ቁልፍ እንደያዘች እየሮጠች መጥታ ተቀመጠች።

ፎቶው እጃጂ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እነማን ናቸው ብሎ የሚጠይቀኝ እንግዳ ሲመጣ ከግራ ጀምሬ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ እሄዳለሁ። ዘጠነኛው ቦታ ላይ እሷ ጋ ስደርስ እቆማለሁ።