በሩን የሚያሳይ ቀለም

ሰፈርተኛው «ትኬት ቆራጯ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ትኬት ሲቆርጡ ነውና ስሙ ከጡረታ በኋላም አልለቀቃቸውም። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ደማቁን ከፈዛዛው ይለያሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጉም ነው። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳም በርም ነጭ ስለሆነ በሩ ይጠፋባቸዋል። በቀደም በሩን ስተው መቃኑ ትከሻቸውን መታቸው።

«እማዬ፣ ሁለተኛ እንዲህ ብትሆኚ እኔ ቤት ነው የምትገቢው። ያኔ ወዲያ ወዲህ የምትይው እጅሽን ይዤሽ ነው» አለች ልጃቸው።

«ስንቱን ሰካራም ከአውቶቡስ ያወረድኩ ሴት፣ በገዛ ቤቴ በእጅ አልመራም» አሉና ቀለም ቀቢ አስጠሩ።

ቀቢው በባልዲ የታየ ቀለም አያምንም፤ ሲደርቅ መልኩን ይቀይራል። ስለዚህ ልጅቱ የመረጠችውን ፈዛዛ ቢጫና እናትየው የመረጡትን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቁራጭ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች ላይ ደጋግሞ ቀብቶ፣ አድርቆ አመጣ።

«ሰማያዊው እኮ ክፍሉን ያጠበዋል» አለች ልጅቱ።

«ልጨፍርበት ነው እንዴ? በሩን ላግኝበት እንጂ።»

ቀቢው መጀመሪያ ቢጫዎቹን በበሩ ግራና ቀኝ አቆመ። እሳቸው ከአልጋው ተነሥተው ሄዱ፤ እጃቸው በሩን ስቶ ሰሌዳው ላይ አረፈ። ቀጥሎ ሰማያዊዎቹን አቆመ። አሁን ቀና ብለው፣ ሳይዳብሱ ተራመዱ፤ እጀታ ጨብጠው ከፈቱ። ውስጡ ቀሚስ ተሰቅሏል። የከፈቱት ከበሩ ጎን የቆመውን ነጭ ቁም ሳጥን ነበር።

«ይኸው እንግዲህ» አለች ልጅቱ። «ነገ ልብስሽን እሰበስባለሁ።»

«ሳጥኑን ስለከፈትኩልሽ ነው?»

ቀቢው ሳቁን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ጥፋቱ የሳጥኑ ነው» አሉ ትኬት ቆራጯ። «ያንን ጥቁር ብርድ ልብስ አልብሱት። መጋረጃውን ዝጉ፣ አምፖሉንም አብሩ። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ብዙ የምወጣው ሲመሽ ነው።»

አለበሱት። እሳቸው አልጋው ጫፍ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ትንሽ አዩ፤ ተነሡ። በሰማያዊው መካከል ነጩ በር ብቻውን ቆሟል። እጃቸውን ሲዘረጉ እጀታው ላይ አረፈ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴያቸው እየራቀ ሄደ። ልጅቱ ልትከተል ብድግ ስትል ቀቢው «ተይ እህቴ፣ ይሞክሩት» አላት።

ከመታጠቢያ ቤት ውሃ ሲለቀቅ ተሰማ።

ልጅቱ ተመልሳ ተቀመጠች። ብርድ ልብስ የለበሰውን ቁም ሳጥን ጥቂት አየችና «እሱንም በሰማያዊው ትቀባዋለህ» አለችው።