በሃምሳው ቀን የጾምኩት ጾም

ታደለ ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት በሲቀላ ገበያ ሙዜን ሳወርድ ነው የሰማሁት። እሁድ እመጣለሁ ብዬ ለሚስቱ ነግሬያት ነበር። ዛሬ ገና ዓርብ ነው።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ።

ለማታውቁት፣ ታደለ ልጄን ጌታሁንን የገጨው ሹፌር ነው። በምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ፣ ስምንት ዓመት ሆነው። ሰክሮ አልነበረም፣ እንቅልፍ ጥሎት ነው። ታስሮ ሲወጣ መሪ ዳግመኛ አልጨበጠም። ላንቴ መንደር ገብቶ ሙዝ ይቆርጥ ጀመር።

ከእስር በወጣ ሰሞን ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። ሣር የያዘ ሽማግሌን አልፎ መሄድ በእኛ በጋሞ ነውር ነው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ በሬን ዘጋሁባቸው። በሦስተኛው አፌ ይቅር አለ።

ገበታ ቀረበ። እኔና ታደለ ከአንድ ሳህን ካልበላን እርቁ አይጸናም። እጄ እምቢ አለኝ። ጾም ላይ ነኝ አልኩ።

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በሃምሳው ቀን ማን ይጾማል? ጎረቤቴ አንገቷን ደፋች። ትልቁ ሽማግሌ ግን አላሳፈሩኝም።

"እንግዲህ ሲፈታ ትበላለች፤ እንጠብቃታለን" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ታደለ ባገኘኝ ቁጥር፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ "እማማ፣ ጾሙ አልተፈታም?" ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። ዘንድሮ ረዘመ ብሎ ሙዜን ባጃጅ ላይ ይጭንልኛል። አንድ ቀን ተናድጄ፣ አንተ አይሰለችህም ወይ አልኩት።

"እርስዎ የማይመጣ ነው የሚጠብቁት። እኔ እኮ የሚመጣ ነው" አለኝ።

በየሰንበቱ ቅዳሴ ቆሜ አባታችን ሆይ ስንል፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን አጠፋ ነበር። ካህኑ የእግዚአብሔር ፍቅር ታጋሽ ነው ሲሉ ለሌላ ሰው የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ያ ፍቅር ታግሦ ደጄ ላይ ሲቆም ያየሁት፣ ልጄን በገደለው ሰው ላይ ነው። አይቼም አላስገባሁት።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ መጣች። ኩላሊቱ ነው፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል አለችኝ። አንድ ጉርሻ ብቻ አብረውት ይብሉ ብላ ለመነችኝ። እሁድ አልኳት። ለምን እሁድ እንዳልኩ አላውቅም። ሥራ አልነበረኝም።

ዛሬ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ንፍሮ ሰጡኝ። ከእሱ ጋር ያልበላሁትን፣ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጬ በላሁ። ሚስቱ አየችኝ።

ታደለ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንተ ለመንከኝ፤ አሁን ለማኟ እኔ ነኝ። እኔ የምንበረከክበት ደጅ ግን ተዘግቷል። እግዚአብሔር እንደ እኔ አያስጠብቅህ።

ጌታሁንን ስታገኘው አትሸማቀቅ። እሱ ቂም አያውቅም፣ በዚህ እኔን አልወጣም።

ደህና ሁን፣ ልጄ።