የእናቴ የመኝታ ሰዓት

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ እንቅልፍ አጣች። ቢቸና ወዳለው ቤቴ ካመጣኋት ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ ያድራል። እኔ ደግሞ ጠዋት ተማሪ ፊት የምቆም መምህር ነኝ። አዘንኩላት ብል ውሸት ነው፤ ሰለቸችኝ።

ሞጣ ውስጥ እንቅልፍ ማጣትን ያለ መድኃኒት፣ በምክር የሚያክም ባለሙያ አለ ሲሉኝ ይዣት ሄድኩ። ገና ወጣት ነው። ለብቻዋ አነጋገራት፤ እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። ስትወጣ አንድ ወረቀት ይዛለች። አልጋ ላይ የምትቆይበት ጊዜ ይጠብባል፣ እንቅልፍ መጣም አልመጣም በሰዓቱ መነሳት ነው፣ ቀን ማሸለብ ክልክል ነው ይላል። እንዲህ ሲደረግ እንቅልፉ ተጠራቅሞ ይመጣል አሉ። ከታች «መኝታ 12፡00፣ መነሻ 5፡30» የሚል ተጽፏል።

ሚኒባስ ውስጥ «ልጁ እኮ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይተሽ ተኚ ነው ያለኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ወረቀቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚለው። ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶኛል።

ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። መነኮሳቱስ በጊዜ ጋደም ብለው ለሌሊት ጸሎት ይነሱ የለ? እናቴም እንደዚያው ትሁን አልኩ። ገና ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ ከብት ወደ ቤት ሲገባ፣ አስተኛኋት። ፈጥጣ ታመሻለች። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢዋን ገፍፌ አስነሳታለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ በርጩማ ላይ ናት። አላርም እየሞላሁ ብቅ እልና ግድግዳ ተደግፋ ካገኘኋት እቆነጥጣታለሁ። ቀን ትምህርት ቤት ስውል የአልጋዋን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። በልጅነቴ ጥናት ላይ ሳንቀላፋ ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ትረጭብኝ ነበር። አልዋሽም፤ ስቆነጥጣት ደስ ይለኝ ነበር።

በሳምንቱ «ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አለችኝ።

«እያዳንኩሽ ነው» አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት ደጃፍ ላይ ተደፍታ ግንባሯ ተፈነከተ። ቀጠሮው ደርሶ ስለነበር በፋሻ ጠምጥሜ ሞጣ ወሰድኳት። ባለሙያው እኔ የተኛችበትንና የተነሳችበትን ሰዓት በየቀኑ በንጹሕ ጽሕፈት የሞላሁበትን የእንቅልፍ መዝገብ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት? እኔ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እኩለ ሌሊት ማለት ነው። እማማ፣ በአፌም ነግሬዎት የለም እንዴ?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሰዓት ማንበብ ያቃታት መምህር፣ ያውም ተማሪዬ በሚሆን ልጅ ፊት!

«ረሳሁት፣ ልጄ» አለችው። «እርጅና ነው።»

«እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? እርስዎም ተጎዱ፣ ልጅዎንም አንከራተቱ» ብሎ ተቆጣት። እሷ አንገቷን ደፋች። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ተናገርኩም፤ «አዎ፣ በጣም እየረሳች አስቸግራኛለች» አልኩ።

ሕክምናው ጥፋት የለበትም። ሰዓቱ ሲስተካከል ወር ሳይሞላ እንቅልፏ ተመለሰ፤ አሁን አልጋዋ ድምፅ የለውም። እኔ ግን ልጄ ስትለኝ ከሰማሁ ቆየሁ። የመኝታዋን ሰዓት ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ቢሆንም በየማታው የክፍሌ በር ላይ ትቆምና፣ እጇን አጣምራ፣ ገረድ እመቤቷን እንደምትጠይቅ ትጠይቀኛለች፦

«ልተኛ፣ እሜቴ?»

«ተኚ» እላታለሁ።