ጉርካዎቹን ለማየት ከአንክል ጋር

እውነቱን ልናገር፣ አንክልን ሙዚየም የወሰድኳቸው ለሳቸው ብዬ አይደለም። ቅዳሜን ብቻዬን ማሳለፍ ስለሰለቸኝ ነው።

ግራጁዌት ካደረግኩ ወዲህ ጓደኞቼ ተበተኑ። አንዷ ቶሮንቶ ሄደች፣ አንዷ ቫንኩቨር። ሦስተኛዋ እዚሁ ከተማ፣ ኦግደን ሰፈር ናት፣ ግን አግብታለች፤ ያው ቶሮንቶ በሏት። እኔ ሳቫና ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ሥራ አፕላይ አደርጋለሁ። የሚመጣልኝ ኢሜይል ሁሉ «አንፎርቹኔትሊ» ብሎ ይጀምራል። ቢያንስ የሚጽፍልኝ አለ።

ከላዬ የሚኖሩት ኔፓሎች ናቸው። ልጅየውና ሚስቱ ቅዳሜም ሺፍት አላቸው፤ ቤት የሚቀሩት አባትየው ናቸው። አንክል እላቸዋለሁ፤ እኛ ባለንበት የከተማው ጫፍ፣ ኖርዝኢስት ውስጥ፣ ሽማግሌ ሁሉ አንክል ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ በረዶና ስለ ቆሻሻ ቢን እናወራለን፤ ከዚያ እሳቸው ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ የወታደር ሙዚየሙ ስለ ጉርካዎች ኤግዚቢሽን እንዳለው አየሁ። ጉርካ የሚባሉት ለእንግሊዝ ጦር የሚዋጉ የኔፓል ወታደሮች ናቸው። አንክል ኔፓላዊ ናቸው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ድራይቭዌዩ ላይ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይመላለሳሉ። በቃ፣ ወታደር ናቸው አልኩ።

«አንክል፣ ጉርካ ነበሩ አይደል?»

ትንሽ አዩኝና «የስ፣ የስ» አሉ። ሙዚየም እንሂድ ስላቸው ጃኬት ሊያመጡ ገቡ። ሲመለሱ ክራባት አስረዋል።

ሙዚየሙ ጭር ብሏል። ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ቢላዋዎች መስታወት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ባርኔጣ፣ ሜዳሊያ፣ የቆየ ፎቶ። ታሪክ ያወሩኛል ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። እሳቸው ግን ቢላዋውን አልፈውት ሄዱ። ሜዳሊያውንም። ጥግ ላይ ማንገቻውን ግንባር ላይ አድርገው የሚሸከሙት ቅርጫት አለ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

እዚያ በነጻ የሚያገለግል አንድ ነጭ ሽማግሌ መጣ። ክራባታቸውን አየና «ሰር፣ ጦሩ ውስጥ አገልግለዋል?» አላቸው።

«የስ።»

እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገናቸው። አባቱ ጦር ሜዳ ጉርካዎች አይቶ እንደነበር፣ እስኪሞት ድረስም ስለነሱ ያወራ እንደነበር ሲነግራቸው ቆየ። አንክል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሰውየው ሲሄድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። እኔ ደሞ ትዕግሥት የለኝም።

«ቅርጫቱ ምንድን ነው?»

«ለምልመላ ነው። ድንጋይ ሞልተው ያሸክሙሻል፣ ዳገት ትሮጫለሽ። በሰዓቱ ከደረስሽ ወታደር ነሽ።»

«እርስዎስ?»

«ዘግይቼ ደረስኩ።»

«በስንት?»

«ወደ ቤት ለመመለስ የሚበቃ ያህል።»

ጉርካ አልነበሩም። ከሳቫና እዚህ ድረስ ቤንዚን አቃጥዬ ያመጣኋቸው ሰውዬ ጉርካ አልነበሩም።

«ታዲያ ለምን የስ አሉኝ?»

አልደነገጡም። «ኔፓላዊ ነኝ ስል ሁሉም ሰው ጉርካ ነህ ይለኛል። መጀመሪያ ኖ እል ነበር። ኖ ስትዪ ሰው ኦኬ ብሎ ይሄዳል። የስ ስትዪ ይቆማል።»

እኔንም ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል «ትሮጫለሽ?» ይሉኛል። ያናድደኛል። ኖ እላለሁ፣ ፊቴን ቋጠር አድርጌ። አንክል እውነታቸውን ነው፣ ሰዎቹ ይሄዳሉ።

ስንወጣ ያ ሰውዬ በሩ ጋ ቆሟል። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ኦ፣ ሯጭ ነሽ?»

«የስ» አልኩ።

ስለሚያመው ጉልበቱ ነገረኝ። ከዚያ ስለ ሚስቱ፤ ቦው ወንዝ ዳር ትሮጥ ነበር፣ እሱ ሳይክል ይዞ ከኋላ ይከተላት ነበር፣ አሁን የለችም። የሚያቋርጠን ሰው አልመጣም። አንክል ኮታቸውን ቆልፈው ጠበቁኝ።

መኪና ውስጥ ቀበቶ እያሰሩ «ስንት ኪሎሜትር ነው የምትሮጪው?» አሉኝ።

«ያንን ቅርጫት ያሸክሙኝና እናያለን።»

ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ቤት ስንደርስ ልጃቸው ገና አልገባም። እሳቸው በፊት ለፊት በር፣ እኔ በጎን በር ገባን። ጫማዬን አውልቄ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ከላዬ እግራቸው ይሰማል፤ ከኪችን ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ኪችን። ሁልጊዜም የምሰማው ነው። የወታደር እርምጃ ይመስለኝ ነበር። ለካ መሄጃ የሌለው ሰው እርምጃ ነው።

ጉርካ ካልነበሩ ምን እንደነበሩ እኮ አልጠየቅኳቸውም። እኔም ኖ ሲሉኝ ኦኬ ብዬ ነው የሄድኩት።

በካልሲዬ ወጥቼ የሳቸውን በር አንኳኳሁ። ክራባቱን አልፈቱትም።

«አንክል፣ ታዲያ ሥራዎ ምን ነበር?»

በሩን እንደያዙ መለሱልኝ። «ረጅም ታሪክ ነው።»

«ሺፍት የለኝም» አልኳቸው።